«አይሠራም» ከማለታችን በፊት፦ አላትም ያለ ፕሪንተርን ስለመመርመር

በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር ለመምህራን፣ ለአስተዳደር ሠራተኞችና ለተማሪዎች የቀረበ፤ ከድምፅ ተገልብጦ ለንባብ በጥቂቱ የተስተካከለ።



የዛሬው ርእስ ከዚህ መድረክ ዘወትር ከሚሰሙት ጋር ሲነጻጸር ዝቅ ያለ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን አንድ ምሩቅ የትምህርት ማስረጃውን ለመውሰድ ከሩቅ ከተማ መጥቶ፣ ወረፋ ጠብቆ መስኮቱ ዘንድ ሲደርስ «ፕሪንተሩ አይሠራም፣ ነገ ተመለስ» ቢባል፣ ለእርሱ ነገሩ ዝቅተኛ አይደለም። የአንድ ተጨማሪ ሌሊት የአልጋና የምግብ ወጪ ነው፤ አንዳንድ ጊዜም የሚያልፍ የሥራ ማመልከቻ ቀነ ገደብ ነው። በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት፣ በጤና ጣቢያ፣ በወረዳ ጽሕፈት ቤትም ሁኔታው ይኸው ነው። በእኛ አሠራር ኮምፒውተር ውስጥ ያለ መረጃ ለባለጉዳዩ የሚጠቅመው ታትሞ፣ ተፈርሞ፣ ማኅተም አርፎበት ሲወጣ ስለሆነ፣ የአንድ ወረቀት አለመውጣት የአንድን ሰው ኑሮ ያቆማል። ከእነዚህ «ነገ ተመለስ»ዎች ብዙዎቹ ባለሙያ ሳይጠራና መለዋወጫ ሳይገዛ በሩብ ሰዓት ውስጥ ሊቀሩ የሚችሉ ናቸው። የምናገረውም ስለዚያ ሩብ ሰዓት ነው።

አስቀድሜ «አይሠራም» በሚለው ቃል ላይ ቅሬታዬን ላሰማ። ቃሉ ለሚመረምር ሰው ምንም አይነግረውም። ሐኪም «አሞኛል» ብቻ ብሎ ዝም ከሚል በሽተኛ የሚጨብጠው ነገር እንደሌለ ሁሉ፣ ጥገና ክፍልም «ፕሪንተሩ አይሠራም» ከሚል የስልክ ጥሪ የሚጨብጠው ነገር የለም። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም ይባል የለም? ስለዚህ ቃሉን እንፈልቅቀው። አንደኛው ትርጉም፣ ትእዛዝ ሰጥተን ማሽኑ ጭራሽ ሳይነቃነቅ ሲቀር ነው። ሌላው፣ ሰነዱ በኮምፒውተሩ ወረፋ ላይ ተሰልፎ ሳለ ወረፋው አልንቀሳቀስ ሲል ነው። ማሽኑ ተንቀሳቅሶ ወረቀቱን ማንሳት ሲያቅተው ወይም አንሥቶ መንገድ ላይ ሲነክሰው ደግሞ ሦስተኛው ነው። በመጨረሻም ወረቀቱ ይወጣል፤ ነገር ግን ባዶ፣ የደበዘዘ፣ የተዥጎረጎረ ወይም በማይነበብ ምልክት የተሞላ ይሆናል። አራቱ በሽታዎች የተለያዩ ናቸው፤ የሚፈለጉበትም ቦታ ይለያያል። ካርትሪጅ መለወጥ የሚረዳው የመጨረሻውን፣ እርሱንም ቢሆን ከፊሉን ብቻ ነው። ሆኖም በየቢሮው ፕሪንተር እምቢ ሲል መጀመሪያ የሚታዘዘው አዲስ ቶነር ነው። በውድ የተገዛ ቶነር የማይንቀሳቀስ ወረፋን አያንቀሳቅስም።

አሁን ወደ ዘዴው ልምጣ። አንድ ሰነድ ከጣታችን ተነሥቶ ወረቀት ላይ እስኪያርፍ ብዙ እጅ ያልፋል። የጽሑፍ ፕሮግራሙ ለድራይቨሩ ያቀብለዋል፤ ድራይቨሩ ገጹን ማሽኑ በሚገባው ቋንቋ ይተረጉመዋል፤ ስፑለር የተባለው የወረፋ አስተናባሪ ተቀብሎ ያስቀምጠዋል፤ ከዚያ በዩኤስቢ ገመድ ወይም በኔትወርክ ይላካል፤ የፕሪንተሩ ሰሌዳ ይቀበለዋል፤ በመጨረሻ ሜካኒካዊው አካል ወረቀት ጎትቶ ያትመዋል። ከእነዚህ አንዱ ቢሰናከል ውጤቱ ያው «አልታተመም» ነው። ጥያቄው የትኛው ላይ እንደተሰናከለ ነው፤ የሚፈታውም እንደ ልማዳችን ከአንዱ ጫፍ ጀምሮ ሁሉንም በመነካካት ሳይሆን መንገዱን መሃል ላይ በመቁረጥ ነው።

የመጀመሪያው መቁረጫ ፕሪንተሩ ለብቻው የሚያትመው የሙከራ ገጽ ነው። ሁሉም ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ፣ የቢሮ ፕሪንተሮች ከኮምፒውተር ምንም ትእዛዝ ሳይቀበሉ ስለ ራሳቸው አንድ ገጽ የማውጣት ችሎታ አላቸው። በአንዳንዱ በስክሪኑ ምናሌ ውስጥ ይገኛል፤ በአንዳንዱ የመጀመር ቁልፉን ለጥቂት ሰከንዶች ተጭኖ በማቆየት ይወጣል። ይህ ገጽ ንጹሕ ሆኖ ከወጣ ፕሪንተሩ ጤነኛ ነው፤ ቶነሩም፣ ሮለሩም፣ ወረቀቱም። ጥፋቱ ከገመዱ ጀምሮ ወደ ኮምፒውተሩ በኩል ነውና ማሽኑን መክፈት፣ መደብደብና መነቅነቅ ይቁም። ገጹ ካልወጣ ወይም ተበላሽቶ ከወጣ ደግሞ ኮምፒውተሩ ነጻ ነው፤ ድራይቨር መሰረዝና መጫን ጊዜ ማባከን ይሆናል። በአንድ ወረቀት የችግሩን ግማሽ አስወገድን ማለት ነው። ሁለተኛው መቁረጫ ዊንዶውስ ራሱ የሚያትመው የሙከራ ገጽ ነው፤ በፕሪንተሩ ባሕርያት መስኮት ውስጥ ይገኛል። እርሱ ከወጣና የእናንተ ሰነድ ካልወጣ፣ ገመዱም፣ ወረፋውም፣ ድራይቨሩም ደኅና ናቸው፤ ጥፋቱ በሰነዱ ወይም በጽሑፍ ፕሮግራሙ ላይ ነው። ከዚህ ንግግር ሌላውን ሁሉ የሚረሳ ሰው እነዚህን ሁለት ገጾች ቢይዝ አይከስርም።

ፕሪንተሩ ጤነኛ ሆኖ ወረፋው የቆመ እንደሆነ ወደ ስፑለር እንሂድ። ቃሉ በእንግሊዝኛ ክር የሚጠነጠንበትን ማጠንጠኛ ያስታውሳል፤ ሥራውም አይርቅም። ኮምፒውተር ፈጣን፣ ፕሪንተር ዘገምተኛ ስለሆነ፣ በመካከላቸው ሥራውን ጠንጥኖ የሚያቆይ አንድ አካል ያስፈልጋል። ዊንዶውስ ለእያንዳንዱ ሰነድ ሁለት ፋይሎችን በዲስኩ ላይ ያስቀምጣል፤ አንዱ ራሱ የሚታተመው ይዘት ነው፣ ሌላው የባለቤቱን ስምና የአታተሙን ዝርዝር የያዘ ነው። ከተሰለፉት አንዱ፣ ምናልባት በላፕቶፕ መዘጋት ወይም በመብራት መቋረጥ የተነሣ፣ ግማሹ ተጽፎ ቢቀር ከኋላው ያሉትን ሁሉ ያግዳል። ሰዎች በዚህ ጊዜ የሚያደርጉት እጅግ የታወቀ ነው፤ ማተሚያ ቁልፉን ደጋግመው ይጫናሉ። አሥራ ሁለት ጊዜ ተጫንን ማለት አሥራ ሁለት ቅጂ ወረፋ ገባ ማለት ነው፤ እንቅፋቱ የተነሣ ዕለት ሁሉም ተከታትለው ይወጣሉ።

ትክክለኛው መንገድ ይህ ነው። የወረፋውን መስኮት ከፍታችሁ የቆመውን ሰነድ ሰርዙ። «በመሰረዝ ላይ» ብሎ ከቀረ፣ ሰርቪስስ በተባለው የዊንዶውስ መስኮት ውስጥ ፕሪንት ስፑለር የሚለውን ፈልጋችሁ አስቁሙት። ከዚያ በሲ ድራይቭ ላይ ዊንዶውስ ከሚለው ማኅደር ወደ ሲስተም 32፣ ከዚያም ወደ ስፑል፣ ከዚያም ፕሪንተርስ ወደሚለው ማኅደር ግቡ፤ በውስጡ ያሉትን ፋይሎች አጥፉ፤ ማኅደሩን ራሱን ግን አትንኩት። ስፑለሩን መልሳችሁ አስነሡ። ይህ የአስተዳዳሪ ፈቃድ ይጠይቃል፤ በጋራ በምትጠቀሙበት ኮምፒውተር ላይ ከሆነ ደግሞ የሌሎች ሰዎች ሰነድ አብሮ እንደሚጠፋ አስቀድማችሁ ንገሯቸው። ኮምፒውተሩን አጥፍቶ ማብራት ብቻውን ሁልጊዜ የማይረዳውም ፋይሎቹ በዲስክ ላይ ስለሚቆዩ ነው፤ ኮምፒውተሩ ሲነሣ እንቅፋቱም አብሮ ይነሣል።

ወረፋው ባዶ ሆኖ ምንም የማይወጣበት ጊዜም አለ። ያን ጊዜ ሰነዱ ወደ ሌላ ቦታ ሄዷል። ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ ዊንዶውስ 10 ዋናውን ፕሪንተር ራሱ የመምረጥ ልማድ አምጥቷል፤ መጨረሻ የተጠቀማችሁበትን ዋና ያደርገዋል። ትናንት አንድ ሰነድ ወደ ፒዲኤፍ የቀየረ ሰው ዛሬ የማተሚያ ቁልፉን ሲጫን ኮምፒውተሩ የፋይል ስም ቢጠይቀው ሊደነቅ አይገባም። ይህን ምርጫ አጥፍቶ ዋናውን ፕሪንተር በእጅ መወሰን ይሻላል። የዩኤስቢ ገመዱን ነቅላችሁ በሌላ ቀዳዳ ስትሰኩትም ዊንዶውስ አንዳንድ ጊዜ አዲስ ማሽን የመጣ መስሎት በተመሳሳይ ስም ሁለተኛ ፕሪንተር ይመዘግባል፤ ሰነዱ ግን ወደ ቀድሞው፣ አሁን ወደሌለው ይላካል። «ኦፍላይን» የሚለውም ጽሑፍ አብዛኛውን ጊዜ ይህንን የመሰለ የአድራሻ መሳሳት ነው። በኔትወርክ የሚሠራ ፕሪንተር አድራሻውን ከራውተሩ የሚቀበል ከሆነ፣ መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ሌላ ቁጥር ሊደርሰው ይችላል፤ ኮምፒውተሮቹ ግን የድሮውን ደጅ ያንኳኳሉ። ቀደም ብዬ ያነሣሁት የሙከራ ገጽ የወቅቱን አድራሻ ስለሚያሳይ እዚህም ይጠቅማል። በ169.254 የሚጀምር ቁጥር ካያችሁ ፕሪንተሩ ከራውተሩ አድራሻ አላገኘም፤ ገመዱን ወይም ማከፋፈያውን መርምሩ። ዘላቂው መፍትሔ ለፕሪንተሩ የማይለወጥ አድራሻ መስጠት ነው፤ ይህንን የኔትወርክ ክፍላችሁን ጠይቁ።

አንድ ታሪካዊ ነገር ልጨምር። በ2021 ክረምት በዊንዶውስ ስፑለር ላይ ከባድ የደኅንነት ክፍተት ተገኘ። ማይክሮሶፍት ክፍተቱን ለመድፈን በነሐሴ ወር ባወጣው ማሻሻያ፣ ተራ ተጠቃሚ ከጋራ ፕሪንተር ድራይቨር እንዳይጭን ከለከለ። ትላንት በሰላም ሲያትሙ የነበሩ ብዙ ቢሮዎች በማግስቱ የአስተዳዳሪ የይለፍ ቃል ተጠየቁ። «ማንም ሳይነካው ተበላሸ» የሚለው አባባል እንግዲህ ሁልጊዜ ሐሰት አይደለም፤ ሌሊት የገባ ማሻሻያ ነክቶት ሊሆን ይችላል።

ስለ ድራይቨር አንድ ምልክት ብቻ እናገራለሁ፤ ግን ፈጽሞ የማይሳት ምልክት ነው። አንድ ገጽ ስታዝዙ ፕሪንተሩ በየገጹ አንድ ሁለት መስመር ትርጉም የለሽ ምልክት እያተመ ወረቀት በወረቀት ላይ ከደረደረ፣ ቋንቋ አልተግባቡም። ኮምፒውተሩ በአንድ የገጽ ገለጻ ቋንቋ፣ ለምሳሌ በፖስትስክሪፕት ይናገራል፤ ማሽኑ የሚያውቀው ሌላ፣ ለምሳሌ ፒሲኤል ነው፤ ስለዚህ ትእዛዙን እንደ ተራ ጽሑፍ ያትመዋል። ወረቀቱን ከትሪው አውጡ፣ ወረፋውን አጽዱ፣ የሞዴሉን ትክክለኛ ድራይቨር ጫኑ።

ከዚህ ጋር የሚመሳሰል፣ ነገር ግን የእኛ የራሳችን የሆነ ችግር አለ፤ በስክሪኑ ላይ አምሮ የታየው የአማርኛ ጽሑፍ በወረቀት ላይ ባዶ ሳጥን ወይም የላቲን ፊደል ዝብርቅ ሆኖ ይወጣል። የኢትዮጵያ ፊደል በዓለም አቀፉ የዩኒኮድ ሥርዓት የገባው በ1999 በሦስተኛው እትም ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩት የግእዝ ፎንቶች ፊደሎቻችንን ያስቀመጡት በላቲን ፊደላት መቀመጫ ላይ ነበር፤ እያንዳንዱ ሠሪም በራሱ አደራደር። በእነዚያ የተጻፉ የቢሮ ሰነዶች ዛሬም በየኮምፒውተሩ አሉ። ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈቱ ይዘበራረቃሉ። ፎንቱ ቢኖርም፣ ድራይቨሩ «በፕሪንተሩ ፎንት ተካ» የሚል ቅንብር ካለው ስክሪኑ ደኅና ሆኖ ወረቀቱ ይበላሻል። መፍትሔው ሰነዱን ጽሑፉ በተጻፈበት ኮምፒውተር ላይ ፎንቱን አቅፎ ወደ ፒዲኤፍ መለወጥ ነው፤ ያም ካልበቃ የፒዲኤፍ ማንበቢያው «እንደ ሥዕል አትም» የሚል ምርጫ በላቁ ቅንብሮቹ ውስጥ አለው። ፊደሉ ሥዕል ሆኖ ስለሚሄድ ፕሪንተሩ የሚሳሳትበት ነገር አይኖርም፤ ዘግይቶ ይወጣል እንጂ በትክክል ይወጣል። ለመመረቂያ ጽሑፍ ቀነ ገደብ የተጨነቃችሁ ተማሪዎች ይህንን ያዙልኝ።

ሌላው ድብቅ ምክንያት የወረቀት መጠን ነው። እኛ የምንጠቀመው ኤ4፣ 210 በ297 ሚሊሜትር ነው። አሜሪካውያን ሌተር የተባለውን፣ 216 በ279 ገደማ የሆነውን ይጠቀማሉ። ከአሜሪካ የተላከ ቅጽ ወይም የኮምፒውተሩ አገር «አሜሪካ» ተብሎ በተቀመጠበት የተጻፈ ሰነድ ሌተር ይጠይቃል። ፕሪንተሩ ትሪው ውስጥ ኤ4 ያያል፤ ሌተር እስኪመጣለት በትሕትና ቆሞ ይጠብቃል፤ አንዲት ብርሃንም ታብለጨልጫለች። ከኋላው ያሉትም ይጠብቃሉ። ስንት ማሽን ለዚህ ብቻ ወደ ጥገና ተጭኖ ሄዶ ይሆን? በሰነዱ የገጽ ቅንብር ኤ4 መምረጥ ይበቃል።

አሁን ማሽኑ ራሱ ያጠፋ እንደሆነ። ሌዘር ፕሪንተርን ለመመርመር አሠራሩን ማወቅ ግድ ይላል። ቼስተር ካርልሰን የተባለ አሜሪካዊ ጥቅምት 22 ቀን 1938 በፈረንጆች አቆጣጠር፣ ኒውዮርክ ውስጥ አስቶሪያ በተባለ ሰፈር፣ በድኝ የተለበጠ የዚንክ ሳህን በጨርቅ አሽቶ ኤሌክትሪክ አሳደረበት፤ ጽሑፍ ያለበትን መስታወት ደርቦ ብርሃን አበራበት፤ ደቃቅ ዱቄት ሲነሰንስበት ዱቄቱ ብርሃን ባልነካው ላይ ብቻ ቀረ፤ ያንን ወደ ወረቀት አሻገረው። ጋሪ ስታርክዌዘር በ1971 በዜሮክስ የፓሎ አልቶ ምርምር ማእከል የብርሃኑን ሥራ ለሌዘር ሰጠ፤ በ1984 የወጣው የኤችፒ ሌዘርጄት ደግሞ በጠረጴዛ ላይ አስቀመጠው። የዛሬው ፕሪንተር ያንኑ ይሠራል። ድራሙ በመቶዎች በሚቆጠር ቮልት ይሞላል፤ ሌዘሩ ፊደሎቹን ይስልበታል፤ ቶነር፣ ማለትም ቀለም ያለው የፕላስቲክ ዱቄት፣ ሥዕሉ ላይ ይጣበቃል፤ ወደ ወረቀት ይሻገራል፤ በመጨረሻ ፊውዘር የተባለው ክፍል በ200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሙቀት ዱቄቱን አቅልጦ ያጣብቀዋል።

ይህን ካወቅን ወረቀቱ ራሱ ይነግረናል። ጽሑፉ ደኅና ሆኖ በጣት ሲነካ የሚራገፍ ከሆነ ፊውዘሩ አልሞቀም። ወረቀቱ ባዶ ከወጣ መጀመሪያ አዲሱ ካርትሪጅ ማሸጊያ ልጣጩ መነሣቱን እዩ። ከዚያ ባለሙያዎች የሚወዱት አንድ ሙከራ አለ፤ ገጹ ግማሽ መንገድ ላይ ሳለ በሩን ከፍታችሁ አቁሙትና ካርትሪጁን አውጥታችሁ ድራሙን ተመልከቱ። በድራሙ ላይ የዱቄት ጽሑፍ ካለ ሌዘሩም ቶነሩም ሠርተዋል፤ ያቃተው ወደ ወረቀት ማሻገሩ ነው። ምንም ከሌለ ጥፋቱ ከዚያ በፊት ነው። በገጹ ላይ በእኩል ርቀት የሚደጋገም ነጥብ ካለ ደግሞ በማስመሪያ ለኩት። የሚሽከረከር አካል ላይ ያለ ጭረት በየዙሩ አንድ ጊዜ ያትማል፤ ስለዚህ ርቀቱ የዚያ አካል ዙሪያ ነው። ድራሙ 24 ሚሊሜትር ስፋት ካለው ነጥቡ በየ75 ሚሊሜትሩ ገደማ ይመጣል፤ 30 ከሆነ በየ94። ርቀቱ ከዚህ ካነሰ ትናንሾቹን ሮለሮች ጠርጥሩ። የስምንተኛ ክፍል ጂኦሜትሪ ቢሮ ውስጥ እንዲህ ሲያገለግል ማየት ደስ ይላል።

ወረቀት መንከስን በተመለከተ ጥፋተኛው ብዙ ጊዜ ወረቀቱ ነው። በክረምት ተከፍቶ የቆየ ወረቀት እርጥበት ይጠጣል፤ ይለሰልሳል፣ ይጠቀለላል፣ ሁለቱ ተጣብቀው ይነሣሉ፤ ቶነርም በደንብ አይሻገርበትም። ትርፉን በመጠቅለያው አኑሩ፤ ከማስገባታችሁም በፊት እያራገፋችሁ አናፍሱት። በበጋ ደግሞ አቧራው የማንሻ ሮለሩን ጎማ ያሙለጨልጨዋል፤ ሮለሩ እየተሽከረከረ ወረቀቱ አይነሣም። ማሽኑን ከሶኬት ነቅሎ ጎማውን በውኃ በረጠበ፣ ክር በማይተው ጨርቅ መጥረግ ብዙ ጊዜ ይመልሰዋል። በቁጠባ ስም በአንድ በኩል የተጻፈበትን ወረቀት መልሶ መጠቀም መልካም ልማድ ነው፤ ነገር ግን አንዲት የተረሳች የስቴፕለር ሽቦ ድራሙን ብትቧጭረው ከዓመት የወረቀት ቁጠባ የሚበልጥ ኪሳራ ታመጣለች። የተነከሰ ወረቀት ሲወጣ በሁለት እጅ፣ በዝግታ፣ በተቻለ መጠን ወረቀቱ በሚጓዝበት አቅጣጫ ይሳብ። ከተቀደደ ቁርጥራጮቹን ገጥማችሁ ሙሉ ገጽ መሆኑን አረጋግጡ፤ የጎደለችው ማእዘን ውስጥ አለች።

በፈሳሽ ቀለም ስለሚሠሩት ፕሪንተሮች ባጭሩ፦ ጠላታቸው መድረቅ ነው። በቁልፋቸው ሲጠፉ የቀለም ራሳቸውን ወደ መክደኛው መልሰው ያሽጋሉ፤ ከሶኬት ሲነቀሉ ወይም መብራት በሥራ ላይ ሲጠፋ ግን ራሱ ክፍት ሆኖ ሊያድር ይችላል። መብራት እንደተመለሰ አብርቶ በሥርዓት ማጥፋት ያድነዋል። የማጽዳት ትእዛዙ ራሱ ቀለም ይጠጣል፤ ሦስት ጊዜ ሞክራችሁ ካልተሻለ ለአንድ ሌሊት አሳርፉት።

ሌዘሩን ከዩፒኤስ ባትሪ ጋር አታገናኙት። ፊውዘሩ ሲሞቅ በአንድ ጊዜ የሚስበው ኃይል ለኮምፒውተር ተብሎ የተገዛውን ዩፒኤስ ያንበረክከዋል፤ ኮምፒውተሩም አብሮ ይጠፋል። ለቮልቴጅ መዋዠቅ አቅሙ የሚመጥን ስታቢላይዘር ይሻላል። ፊውዘሩ ካጠፋችሁትም በኋላ ስለሚያቃጥል እስኪበርድ ጠብቁ። የተደፋ ቶነርን በሙቅ ውኃ አትጠቡ፤ ይቀልጥና ከጨርቁ ጋር ይጣበቃል። በቤት ቫኪዩም ክሊነርም አትሳቡት፤ ዱቄቱ ከማጣሪያው አልፎ ወደ አየር ይመለሳል።

የመጨረሻው ነጥብ የሚመለከተው በተለይ መምህራንን ነው። ማታ የፈተና ወረቀት ለማተም ሞክሮ ያልተሳካለት መምህር፣ «ነገ እመለስበታለሁ» ብሎ ክፍሉን ቆልፎ ቢሄድ፣ ፈተናው በወረፋው ላይ አድሮ ይጠብቃል። ጠዋት ቀድሞ የገባ ማንኛውም ሰው ፕሪንተሩን ሲያበራ ጥያቄዎቹ፣ ምናልባትም እስከ መልሳቸው፣ በሠላሳ ቅጂ ይወጣሉ። ፕሪንተሩ አላስታወሰም እንጂ አልረሳም። ስለዚህ ሳይታተም የቀረ ምሥጢራዊ ሰነድ ካለ፣ ከመነሣታችሁ በፊት የወረፋውን መስኮት ክፈቱና ባዶ መሆኑን በዓይናችሁ እዩ፤ በፕሪንተሩ ስክሪን ላይም የተሰረዘ መሆኑን አረጋግጡ። የማሽናችሁ ድራይቨር በምሥጢር ቁጥር የማተም ምርጫ ካለው፣ ሰነዱ እናንተ ማሽኑ ዘንድ ቆማችሁ ቁጥሩን እስክትነኩ ድረስ አይወጣምና ለፈተና እርሱን ተጠቀሙ። ለውጤት መግለጫም፣ ለዲሲፕሊን ደብዳቤም እንዲሁ።

በአጠገባችን ባለው የላቦራቶሪ ክፍል ሁለት አሮጌ ማሽኖች ሽፋናቸው ተነሥቶ ተዘጋጅተዋል። ማስመሪያ ይዞ የመጣ ካለ ከነጥቦቹ ርቀት እንጀምራለን።